ጉዞና ገበታ፦ ከድሬ እስከ ቁንዱዶ የአንባቢዎች ጥያቄ

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ቅዳሜ ከድሬዳዋ ተነስተን ሐረማያን አይተን ሐረር ልናድር ነው። የት የት እንብላ?

መልስ፦ በእኛ አገር ፈጢራ (ስስ ተዘርግቶ የሚጋገር ሊጥ) እና ፉል የጠዋት ናቸው፤ ረፋዱ ላይ የሚያልቅባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጉዞውን ከዚህ ሰዓት ጋር አስማሙት። ድሬ ላይ ሻይ ብቻ ጠጥታችሁ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። የደንገጎ ጥምዝምዝ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 በላይ ስለሚወጣ ቅባት የበላ ሆድ አይችለውም፣ በተለይ የልጆች። ሹራብ ያዙ፤ ድሬን የለመደ ሰው ሐረማያ ላይ ይንቀጠቀጣል። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶለታል፤ ነገር ግን ዳሩ ላይ ከላይ የደረቀ የሚመስል ጭቃ ጉልበት ድረስ ይውጣል። ከብት በረገጠበት መንገድ ብቻ ሂዱ። ቁርሳችሁን ከዚያ ሐረማያ ከተማ ብሉ። ምሳ ሐረር ይሁን። ከ10 ሰዓት በኋላ የጀጎልን (የአሮጌውን የሐረር ከተማ) ግንብ በውጭ በኩል ዙሩ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በየመሀሉ ሳምቡሳ ቅመሱ፤ ሐረር ላይ ሰዎች ጅቦቹን የሚመግቡት አንድ ሰዓት ማታ ገደማ ስለሆነ እራቱ ከዚያ በኋላ ይሻላል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከምሳ በኋላ ደርሰን ብንመለስስ?

መልስ፦ አይሆንም። ዋሻው ከደቻቱ ወንዝ ወለል 140 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አቀበቱ ጥላ የለውም፣ ድንጋዩም የቀኑን ሙቀት መልሶ ይተፋል። ማለዳ 12 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ውረዱ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የደበዘዘውን የግድግዳ ሥዕል ለፎቶ ብላችሁ ውሃ አትርጩበት፤ ለጊዜው ቢደምቅም ቀለሙ ይነሳል። ቁርሱን ድሬ ከፊራ ገበያ አካባቢ ታገኛላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ክረምት ላይ በደረቁ ወንዝ ውስጥ አትሂዱ፣ ለእረፍትም አትቀመጡ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎም ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ጥያቄ (ከሸንኮር)፦ ቁንዱዶ ተራራ ስንወጣ ምን ስንቅ እንያዝ?

መልስ፦ ላዩ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ቆሎ፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ተምር፣ ደረቅ ዳቦና ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች ይበቃል፤ ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። የሥጋ ሳምቡሳ አትያዙ። ትኩሱን በፌስታል ሲቋጥሩት ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይላሽቃል፣ ቀትር ላይ ይኮመጥጣል፤ ተራራ ላይ የተያዘ ተቅማጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ካልቀረላችሁ የምስሩን በደንብ አቀዝቅዛችሁ በወረቀት ጠቅልሉት።

መነሻችሁ ፉኛን ቢራ ከተማ ነው። እዚያ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ፦ የአካባቢውን መሪ መያዝና እራት ማዘዝ። በትንሽ ከተማ ወጥ የሚሠራው ለምሳ ነው፣ ማታ ድስቱ ባዶ ነው። ስንት እንደሆናችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ቀብድ ስጡ፤ ቀብድ የሌለው ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መሪው የሚያስፈልገው ጉም ሲወርድ ነው፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ሜዳ ላይ ገደሉ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታይም። በረሃብ ወይም በድካም ሳይሆን በዚህ ነው ሰው የሚጎዳው። የዱር ፈረሶቹን ከሩቅ እዩ፤ ጥቂት ናቸው፣ ለፎቶ ብሎ ማባረር ከግጦሻቸው ያርቃቸዋል። የብርቱካን ልጣጭ እንኳ አትጣሉላቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቡድናችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት፤ የምንመጣውም በጾም ቀን ነው። አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥ እንችላለን?

መልስ፦ በደንብ! ሥጋውን ተዉትና ፉል ቤት ግቡ። ፉሉ በዘይት እንጂ በቅቤ እንዳይሆን፣ ፈጢራውም ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ እንዲጋገር ሊጡ ሳይዘረጋ ተናገሩ፤ ከተዘረጋ በኋላ መመለሻ የለውም። በረመዳን ከሆነ ጀጎል ውስጥ ቀን ላይ አብዛኛው ቤት ዝግ ነው፤ የግንቡን ዙር ከሰዓት በኋላ አድርጉና በማፍጠሪያ ሰዓት ሳምቡሳውም ሾርባውም ትኩስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የሚሸጥ የግመል ወተት ልጠጣ?

መልስ፦ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) ሊያስይዝ ይችላል፤ የጭሱ ሽታ ዕቃው መታጠኑን ይነግርዎታል እንጂ ወተቱ መፍላቱን አይደለም። አፍልተው ይጠጡ። ለሆድዎ አዲስ ከሆነ ከግማሽ ብርጭቆ አይለፉ፤ ረጅም መኪና ጉዞ ካለብዎት ደግሞ ለማታ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ባቢሌ ላይ የተደራረቡትን ድንጋዮች ስናይ ዝሆኖቹንም እናያለን?

መልስ፦ አታዩም። ድንጋዮቹ ያሉት ከባቢሌ አልፎ በጅጅጋ መንገድ ዳካታ ላይ ነው፤ የዝሆን መጠለያው ሌላ አቅጣጫ ነው፣ ጠባቂና ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ሌላ ቀን መድቡለት። ለዳካታው ግን ባቢሌ ላይ ለውዝና ውሃ ገዝታችሁ በጠዋት እለፉ።