ጀብዱ በአማርኛ የለም ያለው ማነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን። መጽሐፍ መሸጫው ስለሚርቃቸው ይሆናል። ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን እዚህ ከገባን ወዲህ ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። መጽሐፍ ስገዛለት ገና ሽፋኑን አይቶ ይጠላዋል። «ጉዞና ጀብዱ ያለበት አምጪልኝ፣ ግን በአማርኛ እንደዚያ ዓይነት የለም» ይለኛል። እውነት የለም እንዴ? (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ሞልቷል እንጂ እህቴ! ችግሩ እኛ አገር የጀብዱ መጽሐፍ «ታሪክ» ወይም «ክላሲክ» ተብሎ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል፣ አቧራ ይጠጣል፣ የሚወርደውም ለፈተና ሲፈለግ ብቻ ነው። ፈተና ፈተና የሚሸት መጽሐፍ ደግሞ ልጅ አይነካም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ይውሰዱ። ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ የሚጠራው ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ስለ መጀመሪያነቱ ሁሉም ያወራል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ጦርነት አለ። ምርኮ አለ። ምርኮኛውን በገንዘቡ የሚያስለቅቅ ነጋዴ አለ፣ የዚያን ነጋዴ ውለታ ልመልስ ብሎ ወጥቶ ለባርነት የሚዳረግ ዋህድ የሚባል ወጣት አለ፣ ይኸውልዎ እሱን ፍለጋ ደግሞ መንታ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትጀምራለች። ይሄ ጀብዱ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መጽሐፉ ቀጭን ነው። አማርኛው ግን የድሮ ስለሆነ ብቻውን አይልቀቁት። ማታ ማታ አንድ ገጽ እሱ፣ አንድ ገጽ እርስዎ እያላችሁ አንብቡት። ዋህድ የባሪያ ነጋዴዎች እጅ ከገባ በኋላ ልጅዎ ራሱ ይነጥቅዎታል።

ሁለተኛው ልቦለድ እንኳ አይደለም። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ» ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው። ለ13 ዓመት ልጅ የፊታውራሪ ግለ ታሪክ? አዎ። ሰውየው የሸዋ ገጠር ልጅ ነበሩ፤ ከቤተሰብ ተለይተው ሐረር ወረዱ፣ ገና በልጅነታቸው አድዋ ዘመቱ፣ ከዚያ ሩሲያ ተወስደው ቋንቋውንም ጦር ሳይንሱንም እዚያው ተማሩ። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትም እሳቸው ናቸው፤ እሱ ግን የትልቅ ሰው ወሬ ነውና ለጊዜው ይለፉት። ወፍራም ስለሆነ ከልጅነቱ እስከ ሩሲያ ያለውን ብቻ ያስነብቡት። ከዚያ በኋላ ቢተወውም አይቆጡ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን አሁን አይስጡት። የሚቀየመኝ አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። ዋናው ባለታሪክ በዛብህ ከገበሬ ቤት ወደ ቆሎ ተማሪ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጌቶች ግቢ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት መንገድ ከልጅነት ወደ ሰውነት የሚያሻግር ትልቅ ጉዞ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚጀምረው በወላጆቹ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ጋብቻ ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ እዚያ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ተነስቶም አይመለስበትም። ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ ለሬዲዮ የተረከውን አብራችሁ ስሙት። ስልኩን ከጠላትነት የሚያወጣው አንድ መንገድ ይሄ ነው።

ቅዳሜ መንገዱ ካላስፈራዎት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይውሰዱት። መጽሐፍ ግን እርስዎ አይምረጡለት።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ማደግ፣ ከቤት ስለ መውጣት የሚያወራ ነገር ማንበብ እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ልቦለድ ሲያየኝ «ጊዜሽን አታባክኚ፣ የሚጠቅምሽን አንብቢ» ይለኛል። ምን ልበለው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አባትሽን ምንም አትበያቸው፣ «ራስላስ»ን አምጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪላቸው። ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ልዑል የጻፈው ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ሲራክ ኅሩይ ነው፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ። ርዕሱ የቁም ነገር ስለሚመስል አባትሽ የሚናገሩት አያገኙም።

ልዑሉ ሁሉ ነገር በሞላበት ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። መብል አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ መውጫ ግን የለም። አንድ ባለሙያ «ክንፍ ሠርቼ አበርርሃለሁ» ይለዋል፣ ሠርቶም ከገደል ላይ ይዘላል፣ ቀጥ ብሎ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። አየር ላይ ያልጠቀመው ክንፍ ውኃው ላይ አንሳፍፎ ያተርፈዋል። እዚህ ጋ ብቻዬን ስቄያለሁ። በኋላ ተራራውን ፈልፍለው ሲወጡ እህቱም አብራ ትወጣለች፣ ይሄንን ልብ በይልኝ። ከዚያ ካይሮ ድረስ ሄደው ማን ደስተኛ እንደሆነ እየዞሩ ይጠይቃሉ። መሐሉ ላይ ምክር ይበዛል፣ ዝለይው።

ከዚያ የኅሩይን «አዲስ ዓለም» ያዢ። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፣ ከዚያ በተዝካሩም በሠርጉም ከዘመድ ጋር ይጋጫል። መሄዱ ቀላል ነበር፣ ጭንቁ የመጣው ሲመለስ ነው። ከቤት መውጣትን ስለምታስቢ ይሄኛውን ሳትዘይ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፣ ሌሊቱን የምገፋው በስልኬ እያነበብኩ ነው። ምስጢርና ስለላ እወዳለሁ። ሰዉ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይለቃል፣ እሱን ማንበብ ነውር ነው? ምንስ ላንብብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሕጋችን የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ነው እንዲህ የሚለው። አፈወርቅም ኅሩይም ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆናቸው የእነሱን ያለ ሐሳብ አውርድ። ዛሬ በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ ግን እንዲያ አታድርግ፣ ያ ሰው የቤት ኪራይ አለበት። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ግዛ፣ ወይ ከባልደረባህ ጋር ተቀያየሩ።

ምስጢር ከወደድክ «ኦሮማይ» የግድ ነው። የበዓሉ ግርማ ነው፣ 1975 ዓ.ም. የወጣ። አንድ ጋዜጠኛ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፣ ከተማው በሰላይ ተሞልቷል፣ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። ገና እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በ1976 የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጀመሪያ ልቦለዱን ጨርስ፣ ስለ በዓሉ የተጻፈውን ከዚያ በኋላ ፈልግ፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው እያንዳንዱን ገጽ ፍንጭ እየፈለግህ ታነባለህ፣ ጋዜጠኛው አስመራ ላይ የሚያፈቅራትን ፍያሜታንም በደንብ አታያትም።