የግዛት ሕግ የካውንቲን ኪስ ምን ያህል ይነካል?

ሰላም ወንድሜ። የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት የሚያወጣው ሕግ በካውንቲዎች (በግዛቱ ሥር ባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) እና በከተሞች ላይ የሚጥለው ወጪ እንዴት ይገመታል ብለህ ጠይቀሃል። መነሻው ይሄ ነው፦ ሕጉ ባይወጣ ኖሮ ካውንቲው ምን ያወጣ ነበር? ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ቁጠር። ሥራውን ድሮም ይሠራ ለነበረ ካውንቲ አዲስ ወጪ የለም።

ለምሳሌ ሕጉ የእስር ቤት ጠባቂዎች በየዓመቱ የ8 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ይውሰዱ አለ እንበል። ብዙ ሰው የአሠልጣኙን ክፍያ ደምሮ ያቆማል። ትልቁ ወጪ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጠባቂው ሥልጠና ላይ ሲቀመጥ ፈረቃውን የሚሸፍንለት ሰው ያስፈልጋል። ለእሱ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ይከፈላል። 200 ጠባቂ ካለ 1,600 ሰዓት ማለት ነው። በሰዓት 45 ዶላር ብትይዘው 72,000 ዶላር ይሆናል፣ ያውም በየዓመቱ።

አማካይ ቁጥር ብዙ ይደብቃል። ትልቁም ትንሹም ካውንቲ ጋ ደውለህ ጠይቅ። እርግጠኛ ካልሆንክ ከዚህ እስከዚህ ብለህ ጻፍ። «መገመት አይቻልም» ብሎ መተው ለእኔ ከሥራ መሸሽ ነው።

ማን ይከፍላል የሚለውም ወሳኝ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ግዛቱ አዲስ ግዴታ ሲጥል ወጪውን እንዲተካ ያዛል። አዲስ ወንጀል የሚደነግጉ ሕጎችን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ተመላሹን ከወጪው ላይ ቀንሰህ አትጻፍ፤ ለየብቻ አስቀምጣቸው። ካውንቲው መጀመሪያ የሚከፍለው ከራሱ ካዝና ነው፣ ተመላሹም ሊዘገይ ይችላል።