ከፊዣክ እስከ ካኦር መሮጥ ለሚፈልጉት ወንድማችን፦ መንገዱን በዳገት ሳይሆን በውኃ ይለኩት

ከፓሪስ የጻፉት ወንድማችን፣ በጁላይ አጋማሽ የአራት ቀን ፈቃድ እንዳለዎት ገልጸዋል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ካለችው ከፊዣክ ከተማ ተነሥተው በካዣርክና በሊሞኝ በኩል እስከ ካኦር በሩጫ ለመድረስ፣ ጉልበት ከተረፈዎትም በገደል አፋፍ ያሉትን ሳን ሲር ላፖፒንና ሮካማዱርን ለማየት አስበው «ዳገቱ ምን ያህል ይከብዳል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ቱሉዝ ነዋሪ ነኝ፤ ይህንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አንደኛው ሙከራዬ ሆስፒታል አልጋ ላይ አበቃ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ከሮጥኳቸው መንገዶች ሁሉ የምኮራበት ሆነ። ስለዚህ ምላሼ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ዳገቱ አይከብድዎትም። ከአጻጻፍዎ እንደገመትኩት እርስዎም እንደ እኔ እንጦጦ ላይ ልምምድ የሠሩ ሰው ነዎት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ዳገት የገፋ ሳንባ ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ባለው አምባ ላይ አይቸገርም። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። የመንገዱን ርዝመት አየሁ፤ ከፊዣክ እስከ ካዣርክ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከካዣርክ እስከ ሊሞኝ 18፣ ከሊሞኝ እስከ ካኦር 40 ያህል። የከፍታውንም መስመር አየሁ፤ ከዚያም ይህ ለእኔ ቀላል ነው ብዬ ደመደምኩ። ከፍታ ትንፋሽን ያጠነክራል እንጂ ሙቀትን አያስለምድም፤ አዲስ አበባ ውስጥ አድጎ 36 ዲግሪ ፀሐይ ሥር መሮጥን ማን ተለማምዶ ያውቃል?

አንደኛ፣ የአካባቢውን መሬት ይወቁት። ከሎት ወንዝ ሸለቆ ወጥተው አምባው ላይ ሲደርሱ የሚያገኙት ፈረንሳዮች «ኮስ» የሚሉት የኖራ ድንጋይ መሬት ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ነገር ግን ውኃው በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ምንጭም ጅረትም ላዩ ላይ እምብዛም አይታይም። በሰሜን በኩል ባለው በግራማ አምባ የሚገኘውን የፓዲራክን ገደል ያስቡት፤ ወንዙ የሚፈሰው ከመሬት በታች 103 ሜትር ላይ ነው። ከእግርዎ ሥር ብዙ ውኃ እያለ አንድ ጉንጭ የማያገኙበት አገር ነው ማለት ነው። በመንደሮቹ አጠገብ የሚያዩት የድሮ የልብስ ማጠቢያ ገንዳም የቆመ ውኃ ነው፤ አይጠጡት።

ሁለተኛ፣ መንደር አለ ማለት ሱቅ አለ ማለት አይደለም። ካርታ ላይ ስም ባየሁ ቁጥር በአገራችን ልማድ አንድ ኪዮስክ አይጠፋም ብዬ ነበር የማስበው። እርስዎ ይህን ስሕተት እንዳይደግሙት ሦስተኛውንና አራተኛውን ምክር ትቼ የደረሰብኝን በቀጥታ ልንገርዎ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ለጧት ያሰብኩት ጉዞ ተጓተተና ሁለት ግማሽ ሊትር ኮዳ ይዤ ተነሣሁ፤ ሁለቱም እኩለ ቀን ሳይሆን አለቁ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ ስደርስ የዳቦ ቤቱ የብረት መዝጊያ እስከ መሬት ወርዷል፤ ላዩ ላይ «ሰኞ ዝግ ነው» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። በገጠር ፈረንሳይ ብዙ ሱቅ ሰኞ እንደማይከፈት፣ በሌላውም ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ለረጅም ሰዓት እንደሚዘጋ ያኔ አላሰብኩትም። የቱሪስት መረጃ ቢሮው ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ገብቼ ሰላምታ ሰጠሁና ኮዳዬን ከቧንቧ እንድሞላ በትሕትና ለመንኩ። ሠራተኛዋ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተችኝና «ይህ ቡና ቤት አይደለም፤ ልንዘጋ ነው» አለችኝ። ከኋላዋ የውኃ ማቀዝቀዣው በግልጽ ይታየኝ ነበር። ቢሮው የተከፈተው እንደ እኔ ያለውን መንገደኛ ለማገልገል መሆኑን ነግሬያት፣ ስድስት ሰዓት ገና እንዳልሞላም በሰዓቴ አሳየኋት። በሩን ከኋላዬ ቆለፈችው። ዓመታት አልፈዋል፤ ያቺን የቁልፍ ድምፅ ዛሬም አልረሳሁም፤ ይቅር ማለት እንጂ ልክ ነበረች ማለት አልችልም።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ጥፋት የእኔ ነው፤ በንዴት መንገዴን ቀጠልኩ። አንድ ቤት አንኳኩቶ መለመን እየተቻለ ኩራት ያዘኝ። ከባሽ መንደር እስከ ካኦር ያለው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በ1998 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ አንድ ክፍል ነው፤ ከፊሉም የጥንት የሮማውያን ጎዳና ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ደረቅ የድንጋይ ካብና ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጡ የባሉጥ ዛፎች ናቸው፤ ነጩ ድንጋይ ፀሐይዋን ወደ ፊት መልሶ ይረጫል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላቤ ቆመ። ክንዴን ስዳስሰው ደርቆ ጨው እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ባቴ ተሸማቀቀ፣ ዛፎቹም ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩኝ ጀመር። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ካብ ጥግ ተቀምጬ ያገኘኝ አንድ ባለ ትራክተር ገበሬ ነው፤ ወደ ቤቱ ወስዶ 18 ቁጥር ደወለና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ በፈረንሳይ ገጠር ሕመምተኛ የሚያነሡት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰካልኝ። ሽንቴ የጠቆረ ሻይ መስሎ ነበር፤ የደም ምርመራውም ጡንቻዬ መጎዳቱን አሳየ። ሁለት ሌሊት ተኛሁ፤ ለስድስት ሳምንት እንዳልሮጥ ተከለከልኩ፤ ስድስት ወር የተዘጋጀሁበት የመኸር ማራቶንም አመለጠኝ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ይህ ነው። በአጠገቤ የተኙት አንድ አረጋዊ ፈረንሳዊ ታሪኬን ሰምተው «ለምን መቃብር ቦታ አልገባህም?» አሉኝ። በዚህ አገር የመንደር መቃብር ውስጥ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም፤ እግረኞች ሁሉ ኮዳቸውን የሚሞሉት ከዚያ ነው። እኔ በዚያን ዕለት የሦስት መቃብር ቦታዎችን በር አልፌያለሁ። ብገባም ኖሮ ከሙታን ደጅ ውኃ መጠጣት ነውር መስሎኝ በተመለስኩ ነበር። እርስዎ ይህ አይያዝዎት፤ መዝጊያውን ቀስ ብለው ከፍተው ይግቡ፣ አረንጓዴዎቹ የአበባ ማጠጫዎች ከተሰቀሉበት አጠገብ ቧንቧውን ያገኙታል። መጀመሪያ የሚወርደው ትኩስ ነው፤ ትንሽ ቢያፈሱት ይቀዘቅዛል። ቧንቧው ላይ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ካለ የማይጠጣ ነው፤ ራስዎን ያርሱበትና ይለፉ። ውኃ ብቻውን አይጠጡ፣ ጨው ያለበት ነገር ይቀላቅሉበት።

በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ወር ተመለስኩ። ሁለት ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ይዤ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል እየተነሣሁ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ማረፊያዬ እየደረስኩ ሦስቱን ክፍል በሦስት ቀን ጨረስኩ። መንገዱን መሳት አስቸጋሪ ነው፤ በየመንገዱ የተቀባውን ነጭና ቀይ መስመር ይከተሉ፣ ሁለቱ በመስቀል መልክ ከተጣመሩ ግን ያ የእርስዎ መንገድ አይደለም። በመጨረሻው ቀን ካኦር አጠገብ ካለው ከሳን ሲር ተራራ (ከሳን ሲር ላፖፒ ጋር አያምታቱት) ላይ ሎት ወንዝ ካኦርን በሦስት በኩል አቅፎ ሲታይ፣ ባለ ሦስት ግንቡ የቫላንትሬ ድልድይም ወዲያ ማዶ ሲወጣ፣ ያለ ኀፍረት አለቀስኩ።

ለአራተኛው ቀን ሮካማዱርን ይተዉትና ሳን ሲር ላፖፒን ይምረጡ። ከቡዚየስ ተነሥተው ጀልባ ጎታቾች ይሄዱበት የነበረውን፣ ከገደሉ ሥር ዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራውን መንገድ ይሩጡ፤ ከላይዎ ድንጋይ፣ ከጎንዎ ወንዝ፣ ጥላውም እስከ ረፋድ አይለይም። ከዚያ ወደ መንደሩ ያለው አቀበት አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ መንደሩ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በመንደሩ ውስጥ ግን አይሩጡ፤ ንጣፉ በብዙ ዘመን እግር የለሰለሰ ስለሆነ ያንሸራትታል።

ቢቻልዎ ፈቃድዎን ወደ ሜይ ወይም ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያዛውሩት፤ በመኸር ከመጡ የአደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ልብስ ይልበሱ። በጁላይ መምጣቱ ግድ ከሆነብዎት ደግሞ የጉዞ ቀንዎን እዚሁ ይጻፉልኝ። ከፊዣክ እስከ ካኦር ውኃ የቀዳሁባቸውን ቧንቧዎች በየኪሎ ሜትሩ የመዘገብኩበት ደብተር አለኝ፤ ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።