ኤአይ የድሮ አድራሻችንን ለምን ይሰጣል? ለሦስት አንባቢዎች መልስ

ጥያቄ፦ ወርቅ ቤታችን ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ሜክሲኮ ወዳለ ሕንፃ ገባን። ደንበኞች ኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ያለውን) ሲጠይቁ አንዳንዴ የድሮውን ቦታ ይነግራቸዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠራንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ። አዲስ ውይይት ከፍተው ደንበኛ በሚጠይቅበት አነጋገር ይጠይቁ፣ ከመልሱ ጋር የምንጭ ሊንክ መኖሩንም ይዩ። ሊንክ ካለ ኢንተርኔት ፈልጎ ነው የመለሰው፤ ያንን ገጽ ከፍተው ማስተካከል ወይም ባለቤቱን ማሳረም ይችላሉ። ሊንክ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ከሠለጠነበት ጽሑፍ የቀረውን ነው የነገርዎ። እሱ ሞዴሉ እስኪታደስ ስለማይለወጥ ጉልበትዎን አይጨርሱበት።

ቀጥሎ ጎግል ካርታ ላይ ያለው የንግድ ገጽዎ ነው። ብዙዎች ሲዛወሩ የድሮውን “በቋሚነት ተዘግቷል” ብለው አዲስ ይከፍታሉ። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የዓመታት የደንበኛ አስተያየት እዚያው ይቀራል፣ አንድ ስም ሁለት አድራሻ ይይዛል። የድሮውን ገጽ እንደያዙ አድራሻውን ብቻ ይቀይሩ። ጎግል በቪዲዮ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅዎ ይችላል። ሳያቋርጡ ይቅረጹ፦ መንገዱንና የሕንፃውን መግቢያ፣ ታፔላውን፣ ከዚያ ሱቁን በራስዎ ቁልፍ ሲከፍቱ። ቆርጠው የቀጣጠሉት ቪዲዮ ውድቅ ይሆናል።

ሰዓቱን ሲሞሉ ይጠንቀቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሚሠራ ሱቅ እዚያ የሚመዘገበው 9:00 እስከ 19:00 ተብሎ ነው። 3:00 ብለው ከሞሉት ገጹ ሱቁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደሚከፈት ይናገራል። ከዚያ “አሁን ክፍት የሆነ ወርቅ ቤት” ብሎ የጠየቀ ሰው የተሳሳተ መልስ ያገኛል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካም የበዓል ሰዓት ለብቻው ይሞላ።

ስምዎን በአማርኛም በላቲን ፊደልም አንድ አጻጻፍ ይምረጡለት። በአንዱ ቦታ በ“ፀ”፣ በሌላው በ“ጸ” ከተጻፈ ፍለጋው ሁለት ድርጅት ሊመስለው ይችላል። አድራሻውም በየቦታው ቃል በቃል ይመሳሰል፦ ክፍለ ከተማ፣ ሰፈር፣ የሕንፃ ስም፣ ፎቅ፣ የሱቅ ቁጥር። ገለጻው ላይ “ከፒያሳ የተዛወረ” የሚለውንም ጨምሩ፣ በድሮው ሰፈር የሚፈልግዎ ሰው አለና።

ጥያቄ፦ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ አለን። ኤአይ ግን አያውቀንም። ለምን?

መልስ፦ የተከታይ ብዛት ለእሱ ምንም አይነግረውም፤ የሚያስፈልገው ማንበብ የሚችለው ጽሑፍ ነው። ዋጋውና ስልኩ ፎቶ ላይ ከተጻፈ፣ ገለጻው ቪዲዮ ውስጥ በቃል ከተነገረ፣ አብዛኛው ሳይነበብ ይቀራል። የግል ግሩፕ ጨርሶ አይታይም። የቴሌግራም ቻናል ይፋዊ ከሆነ ከውጭም ይነበባል፣ ስለዚህ ከየፎቶው ሥር ሙሉ ጽሑፍ ይኑር።

አንድ ገጽ ያላት ድረ ገጽ ትበቃለች፣ ግን ደንበኛ በስልክ የሚጠይቀውን ትመልስ። “ጥራት ያለው አገልግሎት” የሚል አረፍተ ነገር የትም አያደርስም፤ ሺህ ሱቅ ይለዋል። በምትኩ፦ ቀለበት በስንት ካራት እንደሚሠሩ፣ የእጅ ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ስም በግዕዝ ፊደል ይቀረጽ እንደሆነ፣ ልክ ማስተካከል ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አሮጌ ወርቅ ይቀበሉ እንደሆነ። የግራም ዋጋ ከጻፉ ቀኑን አብረው ይጻፉ፤ ያረጀ ዋጋ ደንበኛን ያጣላል።

ገጹን የሠራልዎትን ባለሙያ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ያለ ጃቫስክሪፕት (ገጹ ሲከፈት የሚሠራ ኮድ) ይታያል? ብዙዎቹ የኤአይ ጎብኚዎች፣ ማለትም ለኤአይ ገጽ የሚያነቡ ፕሮግራሞች፣ ጃቫስክሪፕት አያሠሩም፣ ባዶ ገጽ አይተው ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ (robots.txt፣ ለእነዚህ ጎብኚዎች የተፈቀደውንና የተከለከለውን የሚነግር) ፋይሉ ኦኤአይ-ሰርችቦትን (OAI-SearchBot) ይከለክላል? ቻትጂፒቲ ለፍለጋ የሚጠቀምበት እሱ ነው፤ ጂፒቲቦት (GPTBot) ግን ለሥልጠና ነው፣ እሱን ቢዘጉት ከፍለጋው አይወጡም። ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለ አገልግሎት ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእሱ ለሚመዘገቡ አዳዲስ ድረ ገጾች የኤአይ ጎብኚዎችን ከመነሻው ስለሚያግድ እዚያም ይታይ። ሦስተኛ፣ ገጹ ጎግል ላይ ብቻ ሳይሆን ቢንግ ላይም ተመዝግቧል? የማይክሮሶፍቱ ኤአይ ኮፓይለት የሚፈልገው በቢንግ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት “ከፍላችሁ ቻትጂፒቲ ላይ አንደኛ እናደርጋችኋለን” አለን። እንክፈል?

መልስ፦ ለዚህ ቃል አይክፈሉ። መልሱ እንደ ጠያቂው፣ እንደ ቋንቋውና እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ አንደኛነቱን ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ሰው የለም። አስተያየት እንግዛላችሁ ካሉማ ይሽሹ፤ ጎግል የሐሰት አስተያየት ያጠፋል፣ ገጹንም ሊያግድ ይችላል። ቅናሽ ሰጥቶ ማስጻፍም ክልክል ነው። እውነተኛ ደንበኛዎን ግን ኮከብ ብቻ ሰጥቶ እንዳያልፍ ይለምኑት፦ ምን እንዳሠራ፣ ለምን ዝግጅት፣ በስንት ቀን እንደደረሰለት ይጻፍ። “ለሠርግ ቀለበት” ብሎ የሚፈልግ ሰው ከእርስዎ ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ቃላት ነው።

ባለሙያ ከቀጠሩ ውሉ ላይ ሥራው በዝርዝር ይጻፍ፤ ዶሜይኑና (የድረ ገጹ ስም) የጎግል ገጹም በእርስዎ ኢሜይል ይመዝገቡ፣ በእነሱ አይሁን።