ካርዱን ከመውሰዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በ1985 ዓ.ም. የገና በዓል ባለፈ ሰሞን፣ ኤርትራ ነፃ አገር ትሁን ወይስ አትሁን የሚለው ሕዝበ ውሳኔ (ሪፈረንደም) ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ምሽት ጎረቤቴ ወደ ቤቴ መጥተው የሕግ ምክር ጠየቁኝ። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ፣ ደቀመሐሪ ተወልደው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ ጋራዥ የነበራቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው የደብረ ብርሃን ተወላጅ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ሁሉ የተወለዱት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። «በሪፈረንደሙ ለመምረጥ የኤርትራን መታወቂያ ማውጣት አለብኝ፤ ካወጣሁ በኋላ እዚህ ያለኝ ነገር ይነካብኛል ወይ?» አሉኝ። እኔም በጥብቅና ሙያ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ አንድም ሕግ ሳልገልጥ፣ «የምርጫ ወረቀት ነው፤ ምንም አይመጣብዎትም» ብዬ ሸኘኋቸው።

ዛሬ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወጣቶች ሕዝበ ውሳኔን የረጅም ክርክር ሁሉ መቋጫ አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። ሕዝብ ተጠይቆ መወሰኑ በጦር ከመወሰን ምን ያህል እንደሚሻል የሠላሳ ዓመት ጦርነት ያየ ሰው አያጣውምና ይህን ተስፋችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባሉት ወራት በተራው ሰው ልብ የሚመላለሰውንም፣ ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ሕጉ ከዚያ ወረቀት ላይ የሚያነበውንም በቅርብ ስላየሁ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

የጎረቤቴ ታላቅ እኅት አስመራ ይኖሩ ነበር። ሁለት ልጆቻቸው ለነፃነት ሊዋጉ ሜዳ ወጥተው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ታጋዮቹ አስመራ ሲገቡ አንዱ ብቻ ተመለሰላቸው። ለእኒያ እናት ድምፁ የልጃቸው ተዝካር ያህል ነበር። የሚመርጡበትን ቀን እየቆጠሩ የሚለብሱትን ነጠላ ከወዲሁ አሳጥበው እንዳስቀመጡ ጎረቤቴ ነግረውኛል። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ማንም አልጠየቀንም የሚል ቁጭት የነበረባቸው ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን መጠየቃቸው ራሱ እንደ ካሣ ነበር የሚቆጠርላቸው። ይህን ስሜት ከዚህ ማዶ ሆኖ ማቃለል ቀላል ነው፤ እባካችሁ አታቃልሉት።

አዲስ አበባ የነበሩት መራጮች ስሜት ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነበር። ጎረቤቴ የኤርትራን ነፃነት እንደሚፈልጉ አልደበቁኝም፤ ከአዲስ አበባ መውጣት እንደማይፈልጉም እንዲሁ አልደበቁኝም፤ ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ ብለውም ለጊዜው አላሰቡም። የበኩር ልጃቸው አስመራን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ትግርኛውን ከአክስቱ በዓመት በዓል የተማረ ወጣት ነበር፤ የአያቱን አገር የሚያውቁ ሽማግሌ ምስክር ይዞ ለመመዝገብ ሲሄድ ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ሳለ «እናንተ ስትወስኑ እኔ የማን እሆናለሁ?» ብለው የጠየቁትን ጥያቄ በዚያ ቤት የመለሰላቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸው መራጭ አልነበሩምና። በዚያው ሰሞን «ካርድ አወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ጋር አብሮ የሚቀርብ ሆኖ ስለነበር፣ ልባቸው ያልቆረጠ ሰዎች ወገንን ከድቶ ላለመታየት ሲሉ ብቻ እንደተመዘገቡ ጉዳያቸውን ከያዝኩላቸው መካከል ሦስት ሰዎች በኋላ ነግረውኛል።

በኢትዮጵያ በኩል የነበረውም ስሜት ቀላል አልነበረም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ተኩስ ተከፍቶባቸው ሕይወት ጠፋ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለወራት ተዘጋ። ልጃቸው ከረን ወይም ምፅዋ ላይ የቀረባቸው እናቶች ልጄ የሞተው ለምንድን ነበር እያሉ ይጠይቁ ነበር። የሁለቱ ወገን እናቶች ጥያቄ አንድ ዓይነት እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። «ጥያቄው ነፃነት ወይስ ባርነት የሚል ነበር» እየተባለ በእኛ ዘንድ እስከ አሁን ሲነገር ትሰማላችሁ፤ በድምፅ መስጫው ላይ የቀረበው ጥያቄ ግን ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነበር፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። ታሪክን በመፈክር ሳይሆን በሰነዱ ቃል አንብቡ።

ድምፁ የተሰጠው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ነበር። ፋሲካ በሚያዝያ 10 ውሎ ስለነበር የመጨረሻው ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ሆነ፤ ጎረቤቴም በዐርቡ ዕለት ማለዳ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሄደው መርጠው ሲመለሱ ባለቤታቸው እንደ ዓመት በዓል ዶሮ ሠርተው ጠበቋቸው። ውጤቱ ሲነገር አዎ ያሉት 1,100,260፣ አይደለም ያሉት 1,822 ሆኑ፤ ከአዎዎቹ መካከል ከ57 ሺህ በላይ የሚሆኑት በኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጡ ናቸው። ምርጫውን የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ተከታትለውታል፤ ግንቦት 16 ነፃነቱ ታወጀ። ጎረቤቴም በማግስቱ እንደ ወትሮው ጋራዣቸውን ከፈቱ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውንም ጊዜው ሲያልፍ ያለ ምንም ችግር አሳደሱ።

እዚህ ላይ ያን ምሽት መግለጥ የነበረብኝን ሕግ ላስረዳችሁ። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኤርትራ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 21፣ በአባት ወይም በእናት የኤርትራ ትውልድ ያለውን ሰው ዜጋ ያደርጋል፤ ትውልዱንም የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1933 በዚያ ይኖር በነበረ ሰው ነው። የሕዝበ ውሳኔው ሕግ ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው የዚሁ ዜግነት ባለቤት እንዲሆን ያዛል። በእኛ በኩል በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ በአንቀጽ 11፣ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል ይል ነበር። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ አደጋውን ማየት ይችል ነበር። እኔ ያላየሁት በዘመኑ በነበረው የወዳጅነት ስሜት ስለተወሰድኩ ነው። ሁለቱ መንግሥታትም ጉዳዩን ያውቁት ነበር፤ በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ባደረጉት የጋራ ስብሰባ እነዚህ ሰዎች ከሁለቱ ዜግነት አንዱን እንዲመርጡ ይደረግ ብለው በቃለ ጉባኤ ጽፈው፣ አፈጻጸሙን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት።

ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ። በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ በባድመ ግጭቱ ተነሣ፤ ሰኔ ላይ ማባረሩ ተጀመረ። በጦርነቱ ዘመን በግምት 75 ሺህ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረዋል፤ በዚያም በኩል በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከኤርትራ ለመውጣት ተገድደዋል። ጎረቤቴን የወሰዷቸው ሌሊት ነው። በማግስቱ ተይዘው ወደነበሩበት ስፍራ ስደርስ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «በሪፈረንደሙ መርጠሃል?» የሚል እንደነበር ነገሩኝ፤ በእኔ ምክር ላይ ግን አንድም ቃል አላነሡም። ከሦስት ቀን በኋላ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተወሰዱ፤ ባለቤታቸውና ትንሿ ልጃቸው እዚህ ቀሩ። የሁለቱን አገሮች የካሣ ጥያቄ የተመለከተው ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ለመምረጥ የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት በእርግጥ እንዳገኙ፣ ሆኖም እስከ ጦርነቱ ድረስ የኢትዮጵያ ዜግነታቸውንም ይዘው እንደቆዩ አስረድቷል። ስለዚህ «የምርጫ ወረቀት ነው» ያልኩት እኔም፣ «መርጠሃልና ኢትዮጵያዊ አይደለህም» ያሏቸውም ሰዎች ተሳስተን ነበር፤ የስሕተቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ጎረቤቴ ናቸው።

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ በምክር መልክ ባልጻፍኩት። በጥር 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳናውያን ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ነፃነትን ሲመርጡ፣ ካርቱም ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖሩ የደቡብ ተወላጆች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሱዳን ሕጓን አሻሽላ የደቡብ ሱዳንን ዜግነት ያገኘ ሰው የሱዳን ዜግነቱን ወዲያውኑ እንዲያጣ አደረገች። በስኮትላንድ ግን በመስከረም 2007 ዓ.ም. ድምፅ ከመሰጠቱ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ነፃነቱን የሚደግፈው የስኮትላንድ መንግሥት ከ600 ገጽ በላይ የሆነ ሰነድ አሳትሞ፣ ማን ወዲያው ዜጋ እንደሚሆን፣ ጡረታውና ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ ነበር። ሰነዱን ብዙዎች ተቃውመውታል፤ ቢሆንም በዚያ ምርጫ ድምፅ የተፈቀደላቸው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች እንኳ የሚከራከሩት በተጻፈ ነገር ላይ ነበር።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ለመገንጠል የሁለት ሦስተኛ የምክር ቤት ድምፅ፣ ከዚያም በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል፤ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ በኋላ ስለሚደረገው የንብረት ክፍፍልም ይናገራል። በሁለቱም ወገን ኑሮውን ስለመሠረተው ሰው ዜግነት ግን በዚያ አንቀጽ አንድም ቃል የለም። የሕግ ትምህርት የምትማሩ ካላችሁ ክርክራችሁን ከዚህ ጀምሩ። መራጭ የምትሆኑም ብትሆኑ ካርዱን ከመውሰዳችሁ በፊት፣ ይህ ካርድ የምርጫ ብቻ ነው ወይስ የዜግነት፣ የዜግነቱ ሕግ ታትሟል ወይ፣ ሁለቱም ወገን ቀኑን ጠቅሰው ፈርመውበታል ወይ፣ ወይስ «በኋላ እንነጋገርበታለን» ነው የተባለው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ካላገኛችሁ እንዳላገኛችሁ ቁጠሩት። ጎረቤታችሁ ሲያመነታ ስታዩም ከሃዲ ነው ብላችሁ አትቸኩሉበት፤ ምናልባት የደብረ ብርሃን ሚስት ይኖረው ይሆናል።

ጎረቤቴ አስመራ ላይ ዐረፉ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ በረራው ሲከፈት፣ እዚህ ቀርታ የነበረችው ልጃቸው ሄዳ መቃብራቸውን አይታ፣ ከአክስቷ ልጅ የተቀበለችውን የአባቷን መታወቂያ ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ያን ምሽት ምን ብዬ እንደመከርኳቸው ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «አባቴ አዎ ብሎ ይመስልዎታል የመረጠው?» አለችኝ። በዚያች ዐርብ የዶሮው ወጥ ቀርቦ አብረን ስንበላ፣ እኔም ሆንኩ ባለቤታቸው አልጠየቅናቸውም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት።