«አክስትሽን አታንሺ» አለኝ ደላላው

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ የብድር ማመልከቻ እመረምራለሁ። ዘንድሮ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ካለ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀባይነት አገኘሁ። ግማሹን ክፍያ ትምህርት ቤቱ ይሸፍንልኛል። ቀሪውን ሚኒያፖሊስ የምትኖረው አክስቴ ልትከፍል ተስማምታ፣ ወረቀቷን ልካ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ ቅጽ) መጣልኝ።

አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ለቪዛ ኢንተርቪው ቀረብኩ። ኦፊሰሯ «ማን ነው የሚከፍልልሽ?» አለችኝ። «አክስቴ» አልኩ። «ምን ትሠራለች?» «ሆስፒታል ነው የምትሠራው።» «ይህን ትምህርት ቤት ለምን መረጥሽ?» «ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሆነ።» ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ትንሽ ጻፈችና ፓስፖርቴን ከአንድ ወረቀት ጋር በመስኮቱ መለሰችልኝ። የያዝኩትን ፋይል ከፍታ እንኳ አላየችውም። ቪዛ መከልከሌን የሚገልጸው ወረቀት 214(ቢ) ይላል።

አሁን አባቴ በሰው በሰው አንድ ደላላ አገኘ። «ልጅዎን የጎዳት አክስቷን ማንሳቷ ነው» አለው። በአባቴ ስም አራት ሚሊዮን ብር ያለበት የባንክ ስቴትመንት ሊያዘጋጅልን ነው፤ 150 ሺህ ብር በቅድሚያ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው «አሜሪካ ዘመድ የለኝም፣ የሚከፍልልኝ አባቴ ነው» እንድል ነው የመከረኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለእኔ ብሎ ከአያቴ የወረሰውን ቦታ ሊሸጥ ገዢ እያነጋገረ ነው። እምቢ ስለው «ዕድልሽን በገዛ እጅሽ ልትዘጊ ነው?» ይለኛል። ቸኩያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ግራ የገባት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቦታው አይሸጥ። ለደላላውም አምስት ሳንቲም አትስጡ።

214(ቢ) የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ አንቀጽ ነው። የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እዚያው ሊቀር የሚሄድ ተደርጎ ይታያል፤ እንዳልሆነ ማሳመን ያለበት ራሱ ጠያቂው ነው ይላል። ያገኘሽው መልስ እንግዲህ «ዛሬ አላሳመንሽኝም» ማለት ነው። ይግባኝ የለውም፤ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳም አይደለም። እንደገና አመልክተው ያገኙ ብዙ ናቸው። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ወይም ዋናው ጉዳይ ላይ መዋሸት ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ እሱ በሩን ለዘለቄታው ይዘጋል። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም ቀላል አይደለም። ነገ አግብተሽ ባልሽ ሊወስድሽ ቢፈልግ እንኳ ከፊትሽ ይቆማል። ዕድል በገዛ እጅ መዝጋት ማለት ይሄ ነው፤ ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ደላላው ያልነገራችሁ ነገር አለ። ዲኤስ-160 (የቪዛ ማመልከቻ ቅጹ) ላይ የሞላሽው፣ በመስኮቱ የመለስሽው፣ ኦፊሰሯ የጻፈችው፣ ሁሉም ተመዝግቦ ተቀምጧል። በሚቀጥለው የሚያነጋግርሽ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ባለፈው አክስትሽ ሚኒሶታ ነበረች፣ ዛሬ ዘመድ የለሽም። ባለፈው የምትከፍለው እሷ ነበረች፣ ዛሬ ጡረተኛው አባትሽ ባለአራት ሚሊዮን ሆነዋል። እስቲ በሥራሽ አስቢው። አንድ ተበዳሪ ፊትሽ ተቀምጦ፣ ሒሳቡ ውስጥ ባለፈው ወር ድንገት ዱብ ያለ ገንዘብ ብታዪ ምን ትያለሽ? ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገሽ «ይሄ ከየት መጣ?» ነው የምትይው። እነሱም እንደዚያው ናቸው።

ለነገሩ ቦታው ቢሸጥ እንኳ ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለልጁ ትምህርት በብር ሲቆጥብ የኖረ ወላጅ ሁሉ ያኔ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። የአክስትሽ ገቢ በዶላር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ እሷን ምን ያስደብቃል? ሚኒሶታ የሐበሻ አገር ሆኗል፤ ያንን የማያውቅ ኦፊሰር አዲስ አበባ አይመደብም። ቅጹ ላይ የቅርብ ቤተሰብ የሚባሉት ባል፣ እጮኛ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም ናቸው። አክስት «ሌላ ዘመድ አለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ትገባለች። እዚያ ላይ «አለኝ» ትያለሽ።

እኔ እንደሚመስለኝ የጎዳሽ የመልሶችሽ ቅጥነት ነው። ኢንተርቪው የደቂቃዎች ነገር ነው፤ ፋይል የሚገለጥበት ጊዜ የለም፣ የሚሰማው አፍሽ ነው። «ሆስፒታል» የጽዳት ሠራተኛም ሐኪምም የሚሠሩበት ቤት ነው። ሥራዋ ምንድን ነው? ስንት ዓመት ሠራች? በዓመት ምን ያህል ታገኛለች? የራሷ ልጆችስ አሏት? ለምን ላንቺ ትከፍላለች? ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂያት። የባንክ ስቴትመንቷን፣ የሥራ ደብዳቤዋንና የግብር ወረቀቷን አስልኪ፤ ቁጥሩ ግን ጭንቅላትሽ ውስጥ ይሁን።

«ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሆነ» ደግሞ የሁሉም ሰው መልስ ነው። ያንቺን ታሪክ ሌላ ሰው የለውም። ብድር መርማሪ ነሽ፤ የትኛው ተበዳሪ ለምን እንደሚመልስ፣ የትኛው ለምን እንደሚከስር በየቀኑ ታያለሽ። ከምትማሪያቸው ኮርሶች ሁለቱን በስም ጥቀሺ፣ ሥራሽ ላይ ከገጠመሽ ችግር ጋር አያይዣቸው፣ ስትመለሺ ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ ጨምሪ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሸምድደሽ ግን አትሂጂ። የተሸመደደ ነገር ገና ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል። በአማርኛ ለእናትሽ እንደምታስረጂው አውርተሽ አውርተሽ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ድገሚው። መመለስ ባትፈልጊስ? እሱን ከራስሽ ጋር ጨርሺው፤ እኔ ላንቺ የውሸት ዕቅድ አልጽፍም።

የወጪው ነገር፦ 185 ዶላሩን የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ እንደገና ትከፍያለሽ። 350 ዶላሩን የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ ግን በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ካመለከትሽ ድጋሚ አትከፍይም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ወዲህ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ፤ የረሳሽው የድሮ አካውንት ካለ ዞር ብለሽ እዪው። ምክር ካስፈለገሽ ኤምባሲው ውስጥ ያለው ኢዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው፣ አሜሪካ መማር ለሚፈልጉ የተቋቋመ የምክር ማዕከል፣ በነፃ ያማክራል።

አባትሽ አሁንም ደላላውን ካመኑ አትጨቃጨቂ። ሰውየውን «የምትሠራልንን ሥራ ዘርዝረህ ደረሰኝ ቁረጥልን» ይበሉት። ከዚያ ስልኩን ያነሳ እንደሆነ ያዩታል።

መቸኮሉን ተዪው። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ከቀረው፣ ዛሬ ማታ ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፊ፦ ቪዛ እንደተከለከልሽ፣ ቅበላሽን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲያዛውሩልሽና አይ-20ውን እንዲያድሱልሽ። የከፊል ክፍያ ድጋፉም አብሮ ይዛወር እንደሆነ እዚያው ላይ ጠይቂ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት እሱን ለብቻው ነው የሚያየው። አዲስ ቀጠሮ የምትይዢው መልሳቸው ከመጣ በኋላ ነው።