በሜሪላንድ በር እያንኳኳ ስለሚሸጠው «ንጹሕ ኃይል»፦ የመብራት ሂሳብ ለከበዳት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሰባት ዓመት የነበርኩበት ቦታ ቆመሽ አየሁሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታውንሀውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ገዝተሻል፣ የጥር ወር መብራት 340 ዶላር መጥቶብሻል፣ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሰው በርሽን አንኳኩቶ «የሜሪላንድ የንጹሕ ኃይል ሕግ ሂሳብሽን ይቀንስልሻል፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎሻል። ልፈርም ወይ፣ ጣሪያዬ ላይስ ሶላር ላስገጥም ወይ ነው ያልሽው። አትፈርሚ። ስለ ሶላሩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንደኛ፦ የመብራት ሂሳብ ወረቀትሽን በር ላይ ለመጣ ሰው አታሳዪ። ከፊርማው ይልቅ ወረቀቱን ፍሪ። በላዩ ያለው የደንበኛ ቁጥር እጁ ከገባ አቅራቢሽን፣ ማለትም ኃይሉን የሚሸጥልሽን ኩባንያ፣ ለመቀየር የሚቀረው ጥቂት ነገር ነው። እኔ ላይ የደረሰው በፈረንጆች 2019 የጸደይ ወራት ነው። ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ልጅ የአገሬ ልጅ ነበር። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ ታብሌት ይዞ፣ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» ሲለኝ አንጀቴን በላኝ። ግባና ቡና ላፍላልህ ብዬዋለሁ። ከመብራት ድርጅቱ ነው የመጣሁት አላለም፤ አይደለሁምም አላለም። «ስቴቱ በ2030 ግማሹ መብራት ከታዳሽ ኃይል እንዲመጣ ወስኗል፣ እርስዎ ገና አልተመዘገቡም፤ ወረቀቱን ያሳዩኝና ቅናሹ የሚገባዎት እንደሆነ ልይ» አለኝ። አመጣሁለት፣ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ስልክ ደወለና «ለሚጠይቁዎት ሁሉ አዎ ይበሉ» ብሎ አቀበለኝ። በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚነበብ ነገር ነበር፤ አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩ። ያ ድምፄ ተቀድቶ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ።

ለሦስት ወር በኪሎዋት ሰዓት 7.9 ሳንቲም ነበር። ከዚያ 16.5 ገባ። በዚያን ጊዜ ማንንም አቅራቢ ላልመረጠ ሰው የመብራት ድርጅቱ ራሱ የሚያቀርብበት ዋጋ 8 ሳንቲም ገደማ ነበር። የእኔ ቤት በወር በአማካይ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ በየወሩ 85 ዶላር ያለ ምክንያት እየከፈልኩ 18 ወር ሄድኩ፦ 1,530 ዶላር። አንዲት የማኅበር እህቴ የእኔን ሂሳብ ከራሷ ጋር አስተያይታ «አንቺ ምንድን ነው የምትከፍዪው?» ባትለኝ ኖሮ ዛሬም እየከፈልኩ እገኝ ነበር።

ለአቅራቢው ስደውል 50 ደቂቃ አቆዩኝ። ያነሳችው ሴት ታሪኬን ሳልጨርስ «እመቤት፣ አዎ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ ስትፈርሚ ያልፈለግሽውን አስተርጓሚ አሁን ለምን ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ለመውጣትም 100 ዶላር መቀጫ አለ ተባልኩ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ። ሃያ ዓመት ሌሊት ሠርቼ በገዛሁት ቤት፣ በቋንቋዬ ተታልዬ፣ እንደ ጥፋተኛ መቆጠሬ ነው።

ከዚያ መብራት ሻጮችን የሚቆጣጠረው የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን እንዲህ ዓይነት አቤቱታ እንደሚቀበል ሰማሁ። ልጄ ልጻፍልሽ አለኝ፤ እንቢ ብዬ ራሴ ጻፍኩት። የ18 ወሩን ሂሳብ በተርታ አያያዝኩ፣ ልጁ የመጣበትን ቀን፣ የተናገረውን ቃል በቃል አሰፈርኩ። የኮሚሽኑ ጥያቄ ከደረሰው በኋላ አቅራቢው በአምስት ሳምንት ውስጥ 620 ዶላር መለሰልኝ፣ መቀጫውንም ሰረዘ። ሙሉውን አላገኘሁም፤ ግን ያንን ገንዘብ በራሴ እንግሊዝኛ አስመለስኩት። አንቺም ፈርመሽ ከነበረ የመሰረዣ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ መሰረዝ ትችያለሽ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ አድርጊው።

ሁለተኛ፦ ሂሳቡን አንብቢው። ሜሪላንድ በ1999 ባወጣችው ሕግ የመብራት ንግዱን ለሁለት ከፍላዋለች። ወረቀቱ ላይ አንዱ የማቅረቢያ ዋጋ ነው፣ የኃይሉ የራሱ፤ ሌላው በሽቦ ወደ ቤትሽ የማድረሻ። በር የሚያንኳኳው ሰው የሚነካው የማቅረቢያውን ብቻ ነው፤ የማድረሻውን ማንም አይቀንስልሽም። ያ ልጅ የነገረኝ ትልቁ ውሸትም እዚህ ላይ ነው። በ2019 የጸደቀው ሕግ በ2030 ግማሹ ኃይል ታዳሽ እንዲሆን የሚያስገድደው አቅራቢዎችን ነው፣ የመብራት ድርጅቱን መደበኛ አቅርቦት ጨምሮ። ምንም ሳትፈርሚ የምትከፍዪው ዋጋ ውስጥ ሕጉ የሚያዝዘው የታዳሽ ኃይል ድርሻ አስቀድሞ ገብቷል። «አልተመዘገቡም» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ሕጉ ከእኔ ጊዜ ይሻላል። ገዥው ዌስ ሙር በ2024 በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለቤተሰብ የሚሸጥ ተራ ውል የመብራት ድርጅቱን ያለፈ የ12 ወር አማካይ ዋጋ ማለፍ አይችልም፣ ከ12 ወርም አይረዝምም። ነገር ግን «አረንጓዴ» ተብሎ የሚሸጠው ኮሚሽኑ በሚፈቅደው ዋጋ ከዚያ በላይ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ነው ቅዳሜ የመጣብሽ ሰው «ንጹሕ ኃይል» የሚለውን ቃል የደጋገመው።

ቡና ላይ ስንቀመጥ «መብራት የተወደደው በንጹሕ ኃይል ሕግ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። የንጹሕ ኃይል ሕጎች ምንም ወጪ አያመጡም አልልሽም፤ ኢምፓወር ሜሪላንድ የሚባለው የኃይል ቁጠባ ክፍያ ሂሳብሽ ላይ ለብቻው ተጽፎ ታገኝዋለሽ። በ2025 ሰኔ የመጣው ዝላይ ግን ዋና ምንጩ ሌላ ነው። 13 ስቴቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያገናኘው ፒጄኤም የተባለው የኃይል መረብ፣ ለጭንቅ ቀን የሚጠበቅ ኃይል በጨረታ ይገዛል። ያ ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ወጣ። የቆዩ ማመንጫዎች ይዘጋሉ፣ አዲሶቹ መረቡ ውስጥ ለመግባት ዓመታት ይጠብቃሉ፣ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ደግሞ የዳታ ማዕከሎች ኃይሉን ይውጡታል። እንዲያውም በ2025 ስቴቱ በአማካይ 80 ዶላር ገደማ ለየቤቱ በሁለት ጊዜ እንዲመለስ ሲወስን፣ ገንዘቡ የታዳሽ ድርሻቸውን ያላሟሉ አቅራቢዎች ከሚከፍሉበት የስቴቱ የኃይል ፈንድ ነው የመጣው። ይህን ሳያውቁ ሕጉን የሚረግሙ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሦስተኛው ሶላር ነበር፤ ግን ከእሱ በፊት 340 ዶላሩን እንየው። ምጣዴ ይሆን እንዴ ብለሻል። አይደለም። 1,500 ዋት የሆነ ምጣድ በሳምንት ሦስት ሰዓት ብትጋግሪበት በወር አራት ዶላር ገደማ ነው። ቤትሽ እንደ እኔ በ1980ዎቹ የተሠራ፣ በሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት በሚያስገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) የሚሞቅ ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት ሄደሽ እዪ፤ «ኢመርጀንሲ ሂት» ላይ ነው? የእኔ እዚያ ላይ ተትቶ ሁለት ክረምት አልፏል። ያ ማለት ቤቱን እንደ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ እያነደዱ ማሞቅ ነው። ያገኘልኝ በመብራት ድርጅቱ በኩል ያለ ክፍያ የሚመጣው የቤት የኃይል ፍተሻ ባለሙያ ነው። ያ ፍተሻ የሚከፈለው በየወሩ ከምትከፍዪው የኢምፓወር ገንዘብ ስለሆነ ጥሪው፣ መብትሽ ነው። አምፖሎቹን ለወጠልኝ፣ በሮቹ ሥር ነፋስ የሚገባበትን አሳየኝ፣ ያንን ማብሪያ መለሰልኝ። በቀጣዩ ክረምት የጥር ሂሳቤ ከ310 ወደ 220 ወረደ።

ጣሪያ ላይ ሶላር፦ ታናሽ ወንድሜ ቦዊ ከተማ ባለው ቤቱ ላይ አስገጥሟል፣ ደስ ብሎታል። እሱ ግን የራሱ አድርጎ ገዝቶ የፌዴራሉን 30 በመቶ የግብር ቅናሽ አግኝቷል። ያ ቅናሽ ለቤት ባለቤት በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ስለዚህ አሁን የሚመጡብሽ ሻጮች ኪራይ ነው የሚያቀርቡልሽ፦ 20 እና 25 ዓመት የሚዘልቅ፣ ዋጋው በየዓመቱ ከፍ የሚል፣ ቤቱን ስትሸጪ ለገዢው የምታወርሺው። በኪራዩ ውል ደግሞ በሜሪላንድ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል የሚሰጠው የሚሸጥ የምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ይሆናል። በታውንሀውስ ጠባብ ጣሪያ አልመክርሽም።

እኔ ያለሁበት የማኅበረሰብ ሶላር የሚባለው ነው። ሌላ ቦታ ከተተከለ የፀሐይ ማመንጫ ድርሻ ትይዣለሽ፣ ያመነጨልሽ ከመብራት ሂሳብሽ ላይ ይቀነሳል፣ ለማመንጫው ደግሞ ከተቀነሰልሽ በ10 በመቶ ያነሰ ትከፍያለሽ። ጣሪያ አይጠይቅም፣ አቅራቢሽንም አይቀይርም። ሕጉ በ2023 ቋሚ ሆኗል፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ቅናሹ የበለጠ ነው። ለእኔ በወር አሥር ዶላር ገደማ ነው የሚያተርፈኝ። ሁለት ሂሳብ ሲመጣ አትደንግጪ፣ እኔ በመጀመሪያው ወር ዳግመኛ ተታለልኩ ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬአለሁ። ከመግባትሽ በፊት ለመውጣት መቀጫ እንደሌለው በጽሑፍ ጠይቂ።

የቅዳሜው ሰው እንደገና ከመጣ በሩን ሳትከፍቺ የሻጭነት ፈቃዱን ጠይቂው፤ አዲሱ ሕግ ያስገድደዋል። በአማርኛ ሰላም ቢልሽም እንዲሁ።

የሂሳቡን ሁለተኛ ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የማቅረቢያውን ዋጋ አብረን እናየዋለን። የደንበኛ ቁጥሩን ግን በወረቀት ሸፍኚው፣ ከእኔም ቢሆን።